ከማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ

ሌሊቱ ምን ያህል ወርዶ እንዳደረ
ያወቅሁት በቧንቧው ዝምታ ነበረ።
ከፈትኩት፤ አንዴ ሳል፣ አንዴ ትንፋሽ፣ አለቀ።
ማንቆርቆሪያው ባዶ፣ ምድጃው ጠበቀ።
መስኮቱ ላይ አመዳይ ዳንቴል ሠርቶ አድሯል፤
የደጁ መለኪያ ሃያ ስምንት ወርዷል
ከዜሮ በታች።

አንተ ግን ኦቢሂሮ፣ ሆስፒታል ተኝተህ፣
ዳሌህ በብሎን ታስሮ፣ ሾርባ እየተጋትህ፣
“ፉሚኖ፣ ማታ ማታ፣ ሳትተኚ በፊት
እጀታውን አዙሪ፣ ውሃው ይውጣ ከቤት”
ብለኸኝ ነበረ። እሺ ብዬህ ነበር።
በእሺና በማድረግ መካከል ነው ችግር።

አርባ አንድ ክረምት ይህ ያንተ ሥራ ነው።
ካልሲህን እየጎተትህ፣ መብራቱን ስታጠፋው፣
ጉርር ሲል ቧንቧው፣ ሆዱን ሲያራግፍ፣
እኔ በዚያ ድምፅ ነው የሚወስደኝ እንቅልፍ።
ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ድምፁም የለ፣ እንቅልፍም፤
ትናንት ግን ወሰደኝ፤ እጀታውን አልነካሁም።

ሹንፔ መጣ ከማዶ፣ የወተት ላሞቹን
አልቦ ሳይጨርስ፣ ሳይቀይር ቦቱን፤
ጸጉር ማድረቂያ ይዟል፣ ሮዝ ቀለም፣ የሚስቱ፤
እንደ ሽጉጥ ደግኖ ገባ እስከ ወጥ ቤቱ።
ከደጅ በረዶ ዝቄ፣ ምድጃ ላይ ጥጄ፣
በፈላው ልለቀው ማንቆርቆሪያ ይዤ
ሲያየኝ፣ “ተዪ!” አለ፣ ክብሬንም ረስቶ፣
“ብረት ይፈነዳል ድንገት ፍል ጠጥቶ!”

ቀስ ነው። መጀመሪያ ቧንቧው አፉን ይክፈት፤
ከአፉ ነው የሚጀመር፣ አይደለም ከአንገት።
ከመሃል ካሞቁት፣ የቀለጠው ሁሉ
መውጫ ሲያጣ ጊዜ ግድግዳ ነው አሉ
የሚጥስ።

ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣
እንደ ጉንፋናም ልጅ አንገቱን አሙቄ
ተቀመጥኩ። ፎጣው ቀዘቀዘ። ነከርኩ። ደግሞ ቀዘቀዘ።
ጠብታ የለም።

ማጠቢያ ማሽኑን ሹንፔ ገፋ አደረገው፤
የቧንቧው ክርን ነው፣ አለ፣ የደረቀው።
እዚያ ግድግዳው ላይ፣ ከአቧራ ሥር፣ በእርሳስ፣
ያንተው የእጅ ጽሕፈት፣ ወደ ግራ የሚፈስ፦

አንደኛ ወር፣ ቀን ዘጠኝ። ሠላሳ አንድ። ረሳሁ።
ለፉሚኖ፦ ማዘጋጃ ቤት ዘጋው አልኳት።
ሁለተኛ ወር፣ ቀን ሁለት። ሃያ ስድስት። ረሳሁ። ጠጥቼ ነበር።
ለፉሚኖ፦ ማዘጋጃ ቤት።
አሥራ ሁለተኛ ወር፣ ቀን ሃያ። ረሳሁ። ማዘጋጃ ቤት።

አሥራ አንድ ክረምት ነው። ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ።
እኔ ሞኝ፣ ስንቴ ነው ያንን ማዘጋጃ
የተራገምኩበት፣ ቆሜ ከምድጃ!
አንዴማ ደብዳቤ ጽፌ ለከንቲባው፣
ይቅርታ ልኮልኛል፤ ምስኪን፣ ምኑም ሳይገባው።

ሳልስቅ አልቀረሁም። ያን ጊዜ ነው ሳል
ከወጥ ቤት የሰማን፤ ቧንቧው ይተፋል
አየር፣ ዝገት ያለው ጭቃ መሳይ ምራቅ፤
ከዚያ ቀጭን ክር ውሃ፣ ሲቀርብ፣ ሲርቅ።
ሹንፔ ሮዙን ሽጉጥ ከሶኬት ነቅሎ ያዘ፤
“ላሞቹ እየጮሁ ነው” አለና ተጓዘ።

ከመሳቢያ እርሳስ አገኘሁ፣ አጭር፣ ጫፉ የተላሰ፤
ከአሥራ አንዱ ሥር ጻፍኩ፦
አንደኛ ወር፣ ቀን አሥራ ስድስት። ሃያ ስምንት። ረሳሁ።
ሁለተኛውን መስመር ለማታ አቆየሁት።

ማታ ደወልክልኝ። ድምፅህ ላይ ብርድ አለ።
“ውሃውስ?” አልክ። “ውሃው ተቋርጦ ነው የዋለ፤
ማዘጋጃ ቤት ዘግቶት” አልኩህ፣ ኮስተር ብዬ።
ዝም አልክ። ስልኩ ውስጥ የነርሷ ጋሪ ሲያልፍ ሰማሁ።
ከዚያ ሳቅህ መጣ፣ “ዳሌዬን! ኧረ ዳሌዬን!” እያልክ።

ጎንበስ ብዬ ስልኩን ከእጀታው አጠገብ
ይዤልህ አዞርኩት። ጉርር ሲል፣ ሲንጠባጠብ፣
ትንፋሽህን ውጠህ፣ እንደ ባለሙያ፣ አዳመጥክ።
“ሩብ ዙር ይቀረዋል” አልክ።